አምስት መቶ ወንበር፣ የስልሳ ዓመት ድምፅ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ሌላውን ኋላ አወራዋለሁና መጀመሪያ ዋናውን ልንገራችሁ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ ውስጥ፣ ማውንት ቨርነን ጎዳና ላይ በርችሚር የሚባል የሙዚቃ ቤት አለ። ሂዱ! ዛሬ ነገ ሳትሉ ሂዱ! አምስት መቶ ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ከውጭ ለሚያየው መጋዘን የሚመስል ቤት ነው። ውስጡ ግን በ1960ዎቹ የዓለምን ሙዚቃ መልክ የቀየሩ ሰዎች፣ ዛሬ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ አንጋፋዎች፣ ቦክስ ጊታራቸውን ታቅፈው ፊት ለፊታችሁ ይቀመጣሉ። ፊት ለፊት ስል እንዲያው ለማሳመር አይደለም። የፊተኛው ጠረጴዛ የደረሰው ሰው የጊታሩን ክር መቁጠር ይችላል። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እኔን ወደዚህ ቤት የወሰደኝ አብሮኝ የሚሠራ አሜሪካዊ ነው። «ቶም ረሽን ሰምተኸው ታውቃለህ?» አለኝ። ስሙን ሰምቼው አላውቅም ነበር። «በል ሐሙስ ማታ ቀጠሮ እንዳትይዝ» አለና ትኬቱን እሱ ራሱ ቆረጠ። ከዚያ ማታ ወዲህ የቤቱን የመጪ ወራት መርሐ ግብር ሳላይ የማልፈው ሳምንት የለም። እንዴት ያለ መርሐ ግብር መሰላችሁ! ከዓመት ዓመት በዚያ መድረክ ላይ ሲመላለሱ የኖሩት ስሞች ጁዲ ኮሊንስ፣ ሮጀር መግዊን፣ ሆት ቱና፣ ኒልስ ሎፍግረን፣ ቶም ፓክስተን፣ ሪቻርድ ቶምፕሰን ናቸው። ፎክና ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከእነዚህ መሀል አንዱን እንኳ መዝለል አይችልም። እነሱ ደግሞ ከቤታችን የአሥራ አምስትና የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ይመጡልናል፤ እንጀራ ልንገዛ ቤይሊስ ክሮስሮድስ ስንመላለስ ከምንነዳው አይበልጥም!

ቶም ረሽ በ1941 የተወለዱ ናቸው። መዝፈን የጀመሩት በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ፣ ካምብሪጅ ከተማ ውስጥ ክለብ 47 በምትባል ጠባብ ቤት ነው። በ1968 «ዘ ሰርክል ጌም» የተባለውን አልበማቸውን ሲያወጡ በውስጡ የሦስት ወጣቶችን ድርሰቶች ዘፈኑ። ወጣቶቹ ጆኒ ሚቼል፣ ጄምስ ቴይለርና ጃክሰን ብራውን ነበሩ። ዛሬ እነዚህን ሦስት ስሞች የማያውቅ የሙዚቃ ወዳጅ የለም፤ ያኔ ግን ገና ለጋ ነበሩ፣ ከጥቂት ሰው በቀር የሚያውቃቸው አልነበረም። የረሽ ጆሮ ቀደም ብሎ ደረሰባቸው። የሰውን ሀብት ባለቤቱ ሳይታወቅ በፊት አይቶ «ይኼ ወርቅ ነው» ማለት እንዴት ያለ ጸጋ ነው! እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ማታ ያየሁት ጢማቸው የነጣ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ነው፤ በዘፈንና በዘፈን መሀል የሚያወሩት ጨዋታ ብቻውን የትኬቱን ዋጋ ያወጣል። ስለ መርሳት የሚዘፍኑት «ዘ ሪመምበር ሶንግ» የሚባል ዘፈን አለ፤ በኢንተርኔት ሚሊዮኖች አይተውታል። አዳራሹ በሳቅ ይናወጣል፣ ዕንባቸውን የሚጠርጉ አሉ። ሳቁ ገና ሳይበርድ «ኖ ሪግሬትስ» የተባለውን፣ ራሳቸው በወጣትነታቸው የደረሱትን የመለያየት ዘፈን ይጀምራሉ። አሁን ሲስቅ የነበረው ሁሉ እንደዚያው በተቀመጠበት ይቀራል። ዘፈኑ በ1970ዎቹ በሌሎች ድምፅ እንግሊዝ አገር ገንኖ ነበር፤ ሸክላውን ፈልጌ ሰምቼዋለሁ፣ ያምራል። ከባለቤቱ አፍ በሦስት ሜትር ርቀት ሲሰማ ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ስለ ጸጥታው ላውራ፤ የዚህ ቤት ምስጢሩ እሱ ነውና።

በርችሚር ውስጥ ሙዚቀኛው መድረክ ላይ ከወጣ በኋላ ማውራት ክልክል ነው። ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ክልክል ነው። ሰዉ ጠረጴዛ ከቦ ተቀምጧል፣ ምግብ ይበላል፣ ቢራ ይጠጣል፤ ግን አይወራም! አስተናጋጆቹ ትእዛዝ የሚቀበሉት ጎንበስ ብለው በጆሮ ነው። መጀመሪያ ጨንቆኝ ነበር። ሹካዬን ሳህኑ ላይ ሳስቀምጥ እንኳ እጠነቀቅ ነበር። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ግን የደንቡ ትርጉም ገባኝ። አንጋፋው ሰውዬ ድምፃቸውን አያነሱም፤ ማንሳት አያስፈልጋቸውም። ትንፋሽ ሲወስዱ ይሰማል። ጣታቸው ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲንሸራተት ክሩ የሚያሰማት ትንሽ ሲጥታ ትሰማለች። በገና በዐቢይ ጾም ሲደረደር ቤቱ ውስጥ የሚሰፍነውን ጸጥታ የምታውቁ ያን አስቡ። ለዘፈን እንዲህ ያለ ጸጥታ ሲሰጥ በዓይኔ ያየሁት ግን እዚህ ነው።

ይህ ደንብ ከሰማይ አልወረደም፤ የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። ጋሪ ኦልዚ ይባሉ ነበር፣ የኬንታኪ ሰው ነበሩ። በርችሚር በ1966 ሲከፈት በአርሊንግተን የነበረ ተራ ምግብ ቤት ነው። ምሳ ላይ ይሞላል፣ ማታ ማታ ጭር ይላል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ለማታው ገበያ ሲባል ሙዚቃ ገባበት። ከዚያ ሴልደም ሲን የሚባል የብሉግራስ ቡድን መጣና ሐሙስ ሐሙስ ማታ ለብዙ ዓመታት እዚያ ተጫወተ። የዚህ ቡድን አባላት እነማን እንደነበሩ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ዘፋኙ ጆን ስታርሊንግ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ፤ ባንጆ ይመቱ የነበሩት ቤን ኤልድሪጅ የሒሳብ ባለሙያ፤ ቤዙን የያዙት ቶም ግሬይ የናሽናል ጂኦግራፊክ የካርታ ሠራተኛ፤ ማይክ ኦልድሪጅ የማስታወቂያ ሠዓሊ፤ ማንዶሊኑን ይጫወቱ የነበሩት ጆን ደፊ መሣሪያ ጠጋኝ። ቀን ሥራቸውን ሠርተው፣ ማታ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ያፈልቁ ነበር! አገር ምድሩ ሊሰማቸው ጎረፈ፤ ሊሰማ የመጣው ሰው ደግሞ የሚያወራውን ዝም አሰኘ። ቤቱ ሁለት ጊዜ ቦታ ለውጦ አሁን ወዳለበት በ1997 ሲገባ ያ ልማድ አብሮት ገባ። ኦልዚ በጥር 2023 ዐረፉ። ከማረፋቸው ቀደም ብሎ ከስቲቨን ሙር ጋር የጻፉት የቤቱ ታሪክ ታትሟል። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የፖስተሮች ብዛት ያየ ሰው፣ መጽሐፉ ቢወፍር አይፈርድበትም።

ሆት ቱና ላይ ስደርስ እጄ ይፈጥንብኛል፤ ታገሡኝ።

ሆት ቱና ማለት ሁለት ሰዎች ናቸው፦ በ1940 የተወለዱት ዮርማ ካውኮነንና በ1944 የተወለዱት ጃክ ካሴዲ። ሁለቱም የዚሁ የዋሽንግተን ዲሲ ልጆች ናቸው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ገና ጎረምሶች ሳሉ ተዋውቀው የሰፈር ባንድ አቋቋሙ። ቀጥሎ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደው የጄፈርሰን ኤርፕሌን ባንድ አባላት ሆኑ፤ በ1969 በውድስቶክ የሙዚቃ ድግስ ላይ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ ማለዳ የተጫወቱት እነሱ ናቸው። ያን ሁሉ ሕዝብ ያዩ ሰዎች አሁን አምስት መቶ ሰው ፊት ቁጭ ብለው፣ አንዱ ቦክስ ጊታር፣ አንዱ ቤዝ ይዞ፣ የልጅነት ከተማቸው ደጃፍ ላይ ይጫወታሉ። ደግሞ ትንሽ ቤት ለእነሱ የጡረታ ቦታ አይምሰላችሁ። በ1970 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው የተቀረጸው በርክሌይ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ክለብ ነው። ጉልበት ሳይደክም፣ ስታዲየም መሙላት በሚችሉበት ዘመን እንኳ ጠባቡን ቤት መርጠው ነበር።

የዮርማን ቀኝ እጅ እዩልኝ። አውራ ጣታቸው ላይ የፕላስቲክ፣ ቀጥለው ባሉት ጣቶች ላይ የብረት የክር መምቻ ያጠልቃሉ። አውራ ጣቱ ወፍራሞቹን ክሮች አንድ እዚህ አንድ እዚያ እያለ፣ ሳይቸኩል ሳይዘገይ ይመታል። ያ ብቻውን ቤዝና ከበሮ ነው። ሌሎቹ ጣቶች ደግሞ ቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ዜማውን ይዘው ይሄዳሉ፤ አንዳንዴ አውራ ጣቱን ይቀድሙታል፣ አንዳንዴ ሆን ብለው ይዘገዩና በመጨረሻው ቅጽበት ይደርሱበታል። ዓይናችሁን ብትጨፍኑ ሁለት ጊታር ነው ብላችሁ ትምላላችሁ። ገልጣችሁ ስታዩ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ እጅ! ይህን ስልት በዋናነት የወረሱት ከሬቨረንድ ጋሪ ዴቪስ ሙዚቃ ነው። ዴቪስ በ1896 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ የተወለዱ፣ ዓይነ ስውር፣ ሰባኪና የመንገድ ላይ ሙዚቀኛ ነበሩ፤ በኋላም ኒው ዮርክ ተቀምጠው የሚመጣላቸውን ወጣት ሁሉ ቤታቸው ያስተምሩ ነበር። በ1972 ዐረፉ። የእሳቸው ዘፈኖች ሆት ቱና በሄደበት ሁሉ አሉ። ዮርማ ደግሞ በተራቸው ኦሃዮ ገጠር ውስጥ ፈር ፒስ ራንች የሚባል የጊታር ማስተማሪያ ሰፈር መሥርተው ብዙዎችን አስተምረዋል። ጃክ ካሴዲ ወንበራቸው ላይ ዘና ብለው፣ ቅንድባቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ በቤዙ መልስ ይሰጣሉ። ቤዝ እንደ ሁለተኛ ዘፋኝ ሲናገር መስማት የፈለገ ሰው እሳቸውን ይስማ። ከስልሳ ዓመት በላይ አብረው የተጫወቱ ሰዎች አይነጋገሩም፤ አንዱ ዜማውን ገና ሊያጥፍ ሲል ሌላው ታጥፎ ይጠብቀዋል።

ሮጀር መግዊን ብቻቸውን ነው የሚመጡት። እሳቸውና ባለ አሥራ ሁለት ክር ጊታራቸው፤ ሌላ ማንም የለም። በ1942 ቺካጎ ተወልደው በፎክ ያደጉ ናቸው። በ1964 የቢትልስን ፊልም ሲኒማ ገብተው ሲያዩ ጆርጅ ሃሪሰን የያዘው ባለ አሥራ ሁለት ክር ሪከንባከር ጊታር ዓይናቸው ውስጥ ገባ። እሳቸውም ያንኑ ዓይነት ገዙ። በተከታዩ ዓመት ከበርድስ ባንድ ጋር የቦብ ዲላንን «ሚስተር ታምቡሪን ማን» በአዲስ ምት፣ ከባክ ዜማ በተቀዳ መግቢያ አስውበው አወጡት፤ በአሜሪካ አንደኛ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ፎክ ሮክ የሚባለው ስም የገነነው ያኔ ነው። ይህን ታሪክ መጽሐፍ ላይ ማንበብ ይቻላል፤ ነገር ግን ታሪኩን የሠራው ሰው ራሱ መድረክ ላይ ተቀምጦ፣ ጊታሩን እየነካካ፣ «መጀመሪያ ዘፈኑ እንዲህ ነበር፤ እኔ ደግሞ እንዲህ አደረግሁት» እያለ ሲያሳያችሁስ? ያቺ የመግቢያ ዜማ ስትጀምር፣ ያቺ እንደ ደወል የምታንጫርረው፣ ከጎኔ የተቀመጡ ሴትዮ የባላቸውን ክንድ ጨምድደው ያዙ። ወጣትነታቸው መጣባቸው።

ስለ ድምፅ ደግሞ የሚከነክናችሁ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። «ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው ምን ድምፅ ይኖረዋል?» ትላላችሁ። አዎን፣ ድምፅ ያረጃል። ከፍ ያለው ኖታ ይርቃል። ብዙዎቹ ዘፈናቸውን ከድሮው ዝቅ ባለ ቶን ነው የሚዘፍኑት፤ ድሮ በረጅሙ የሚጎትቱትን ስንኝ አሳጥረው ይናገሩታል። ግን እኛ የትዝታ ሕዝብ አይደለን እንዴ? ትዝታን የሃያ ዓመት ልጅ ሲዘፍነውና የሰባ ዓመት ሰው ሲዘፍነው ልዩነቱን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። ልጁ በድምፁ ይበልጣል፤ ትዝታው ግን ያለው ሽማግሌው ጋ ነው። በ1939 የተወለዱትን ጁዲ ኮሊንስን በዚህ ጆሮ ስሟቸው። ኮሊንስ በልጅነታቸው የክላሲካል ፒያኖ ተማሪ ነበሩ፤ በ13 ዓመታቸው ከኦርኬስትራ ጋር ሞዛርት ተጫውተዋል። በ1967 የጆኒ ሚቼልን «ቦዝ ሳይድስ ናው» ቀረጹት፣ በተከታዩ ዓመት በነጠላ ሲወጣ አገር ዘፈነው። ሕይወትንና ፍቅርን ከሁለቱም በኩል አይቼ አሁንም በቅጡ አላውቃቸውም የሚል ዘፈን ነው። ሲቀርጹት ሠላሳ እንኳ አልሞላቸውም። በሃያዎቹ ዕድሜ የተዘፈነ ግጥም፣ ዘፋኙ ሰማንያን አልፎ ሲዘፍነው እያንዳንዱ ቃል ክብደቱ ይለወጣል። ከዚህ በፊት ዘፈኑን በሬዲዮ መቶ ጊዜ የሰማ ሰው እንኳ እንደ አዲስ ይሰማዋል። እኔ በበኩሌ የድሮውን ቅጂ አሁን ስሰማው ልጅ የአባቱን ኮት የለበሰ ይመስለኛል።

ከእነዚህ መሀል ጎረቤቶቻችንም አሉ! ቶም ፓክስተን በ1937 የተወለዱ፣ «ዘ ላስት ቲንግ ኦን ማይ ማይንድ» የተባለውን ዘፈን የደረሱት ሰው፣ ለብዙ ዓመታት እዚሁ አሌክሳንድሪያ ኖረዋል። ወታደር ሳሉ፣ ፎርት ዲክስ የታይፕ ትምህርት ቤት ተቀምጠው፣ ታይፕ መለማመዱ ሲሰለቻቸው በዚያው ማሽን የልጆች ዘፈን ጽፈዋል፤ «ዘ ማርቭለስ ቶይ» ይባላል፣ እስከ ዛሬ የአሜሪካ ልጆች ይዘፍኑታል። ኒልስ ሎፍግረን ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ ሜሪላንድ ያደጉ ናቸው። ብሩስ ስፕሪንግስቲን ጎን በኢ ስትሪት ባንድ ከ1984 ጀምሮ ጊታር የሚመቱ ሰው ናቸው፤ በ1970 ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላቸው በኒል ያንግ «አፍተር ዘ ጎልድ ረሽ» አልበም ላይ ፒያኖ ተጫውተዋል። ፒያኖ ተጫዋች አልነበሩም እኮ! በልጅነታቸው የተማሩት አኮርዲዮን ነበር፤ በዚያ ብርታት ነው ፒያኖው ላይ የተቀመጡት። ወጣት ሳሉ መድረክ ላይ በትራምፖሊን ወደ ኋላ እየተገለበጡ ጊታር ይመቱ ነበርና በ2008 ሁለቱም ዳሌያቸው ተቀየረ። ዛሬ አይገለበጡም። ጣታቸው ግን አሁንም ይገለበጣል።

አኮርዲዮን ካነሳሁ ወደ ራሳችን ሰው መምጣቴ የግድ ነው። ጋሽ ኃይሉ መርጊያ፣ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች፣ አዲስ አበባ ሒልተንን ያደመቁት ሰው፣ የ1977ቱ «ቸ በለው» ባለቤት፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከባንዱ ጋር ለሥራ አሜሪካ መጥተው እዚሁ አካባቢ ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻቸውን ተጫውተው አንድ ካሴት አወጡ። ከዚያ ለረጅም ዓመታት ደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ነዱ። ኪቦርዳቸውን በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዘው፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ተራ ሲጠብቁ አውጥተው ይለማመዱ ነበር! በ2013 ያ ካሴት እንደገና ታተመና ዓለም ጠራቸው፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም አወጡ። ስንቶቻችን ደለስ ላይ ሻንጣችንን ይዘን በአጠገባቸው አልፈናል?

እናም በርችሚር ውስጥ ተቀምጬ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ሐሳብ ይህ ነው፦ ለራሳችን አንጋፋዎች እንዲህ ያለ ማታ እንስጣቸው! እስክስታችንና ጭፈራችን ይኑር፤ እኔም እወደዋለሁ፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ሞንታርቦው እየነጎደ መጨፈርን የመሰለ ነገር የለም። ግን በወር አንድ ጊዜ እንኳ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሚጀምር፣ ወንበርና ጠረጴዛ ያለው፣ ማንም የማያወራበት፣ አንድ አንጋፋ ክራር ወይም ኪቦርድ ይዞ የሚቀመጥበትና «ይህን ዘፈን የደረስኩት እንዲህ ሆኜ ነው» እያለ የሚያጫውተን ምሽት ይኑረን። የምግብ ቤት እጥረት የለብንም። አዳራሽ ያላቸውም ሞልተዋል። የሚጎድለው አንድ ኦልዚ ነው፤ «ዝም በሉ፣ ሰውየውን ስሙ» ብሎ የሚያስከብር አንድ ልበ ሙሉ ባለቤት። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ምግብ ቤት ያለው ሰው ካለ፣ እባክህ ወንድሜ፣ እባክሽ እህቴ፣ አንድ ማታ በርችሚር ሂዱና ተቀምጣችሁ እዩ። ከዚያ እንነጋገራለን።

ለምን እንደምቸኩል ልንገራችሁ። ከዚሁ ትውልድ ዘፋኞች ጆን ፕራይን በ2020 ሄዱ። ዴቪድ ክሮዝቢና ጎርደን ላይትፉት በ2023 ሄዱ። እኔ ማንኛቸውንም በአካል አላየሁም። ዛሬ በመርሐ ግብሩ ላይ ስማቸው የሚታየውን ግን ማየት እችላለሁ፤ ትኬቱ አለ፣ መንገዱ አጭር ነው፣ ሰዎቹ ደግሞ ወደ መድረኩ የሚወጡት እየፈለጉ ነው፤ ማንም አስገድዷቸው አይደለም። ሸክላ በተሸጠ ቁጥር ገንዘብ የሚገኝበት ዘመን ካለፈ ወዲህ አንጋፋው ሙዚቀኛ የሚኖረው በመንገድ ነው። መኪና ወይም አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ከከተማ ከተማ፣ ከአምስት መቶ ወንበር ወደ አምስት መቶ ወንበር። እያንዳንዷ ትኬት ያለ ብዙ ደላላ እሱው ኪስ አጠገብ ትደርሳለች። ብዙዎቹ ዝግጅቱ ሲያልቅ መውጫው አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግተው ሲዲና ሸክላ ይፈርማሉ፤ እጃቸውን መጨበጥ ይቻላል። እኔ የአንዱን አንጋፋ እጅ ጨብጫለሁ። የግራ እጁ ጣቶች ጫፍ እንደ ቆዳ ጠንክሯል፣ የስልሳ ዓመት ክር አጠንክሮታል። ያን ነገር ከሸክላ ላይ አታገኙትም!

አሁን ወደ ተግባሩ። ትኬት ስትቆርጡ የወንበር ቁጥር ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ። ያም ሆነ ይህ ዝግጅቱ ሊጀምር ሲል ሳይሆን ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ የእኛን «እንደርሳለን» እዚያ ቀን ቤት አስቀምጡት። ጠረጴዛው ረዣዥም ነው፣ ከማታውቁት ሰው ጋር ትቀመጣላችሁ። አትፈሩ፤ ሙዚቃው እስኪጀምር ማውራት ይቻላል፣ ጎረቤቶቻችሁም ብዙውን ጊዜ የሰባ ዓመት ሰዎች ስለሆኑ ይህን ዘፋኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የት እንዳዩት ሳይጠየቁ ይነግሯችኋል። ከእነሱ ብዙ ተምሬያለሁ። አንዱ ሽማግሌ ሴልደም ሲንን በአሮጌው ቤት ሐሙስ ሐሙስ ያዩ ነበር፤ የእሳቸው ትረካ ብቻ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። ምግቡን እዘዙ፤ ሥጋው ጥሩ ነው። የጾም ቀን ከሆነ ግን ቤታችሁ በልታችሁ ሂዱ።

ጊታር የምትጫወቱ ወይም የምትማር ልጅ ያለቻችሁ ከሆነ፣ መሀል ላይ ተቀምጦ የተሻለ ድምፅ ከመስማት ይልቅ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ እጁን ማየት ይሻላል። ልጆችን ውሰዱ እላለሁ፤ ዝም ማለት ለሚችሉት ለአሥራ ሁለትና ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። የወንድሜን ልጅ ይዤ የሄድኩ ዕለት፣ ቤት ስንደርስ ሳይጠየቅ ጊታሩን አነሳና አውራ ጣቱን ብቻ መለማመድ ጀመረ። አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ። እናቱ «ዜማውስ?» ስትለው፣ «እሱ በኋላ ይመጣል፤ ሰውዬው መጀመሪያ ይኼን ነው የሚያደርጉት» አላት። የሚቀጥለውን ትኬት ለሦስታችን ቆርጫለሁ።